ለስታዲየማችን አስተዳዳሪ፦ ስለ ካስማው ጉድጓድ ምስጋና

ክቡር አስተዳዳሪ፣

ሰላምታዬ ከወንበርዎ ሳያስነሳዎት እዚያው እንዲደርስዎት፣ ጤናዎም እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ የለሰለሰ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሴቶች እግር ኳስ ቡድናችን ወጌሻ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሜዳዎ የተጎዱ እግሮችን ሳሽ ስለኖርኩ፣ እርስዎ ባይኖሩ ሥራ ፈት እሆን ነበር፤ ስለዚህም በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

፩. በክብር እንግዶች መቀመጫ ፊት ያለው ሣር በየቀኑ ውሃ ስለሚጠጣ ለምለም ነው። ማዶ ያለው ጠርዝ ግን እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ሲሆን፣ ከጎሉ አጠገብ ደግሞ የውሃ መውረጃው ስለተደፈነ ጭቃ ነው። ልጆቹ በደረቁ ላይ ሲሮጡ ቅልጥማቸው ይነዝራል፤ ከጭቃው ሲገቡ ገና በስልሳኛው ደቂቃ ባታቸው ይተሳሰራል። አሠልጣኛችን ቀና በሉ እያለች ድምፅዋ ቢዘጋም፣ ልጆቹ ኳሱን ትተው መሬት መሬቱን እያዩ ይሮጣሉ።

፪. ባለፈው ወር ለባዛር የተተከለው ድንኳን ሲነሳ የካስማዎቹ ጉድጓዶች እንዳሉ ቀሩ። በደብዳቤ ባመለክት፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ተጫዋቾቹ እግራቸውን አንሥተው ቢሮጡ ችግሩ ይቀረፋል» ሲል መልሶልኛል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሳነብላቸው፣ ስቃ የማታውቀው በረኛችን እንኳን ሳቀች።

፫. ከዚያ በኋላ በነበረው ጨዋታ፣ ከፍጥነቷ የተነሣ ፌንጣ የምንላት የክንፍ ተጫዋቻችን ኳስ እየገፋች ስትበር ቀኝ እግሯ ከአንዱ ጉድጓድ ገባ። ቦርሳዬን ይዤ ስደርስ አላለቀሰችም። እጅጌዬን ጨብጣ «ጋሼ፣ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ፤ ለእማዬ እንዳትነግራት» አለችኝ። እናቷ ግን ከተመልካቹ መካከል ቆማ ሁሉንም አይታ ነበር። ሐኪሙ የጉልበቷ ጅማት እንደተበጠሰና ዓመት ሙሉ እንደማትጫወት ነገረን። ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ የተጠራችው በዚያው ሳምንት ነበር።

፬. ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው ሪፖርት የአደጋው መንስኤ «የተጫዋቿ የአካል ብቃት ማነስ» ተብሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሮጣ የደረሰችባት ተከላካይ አላየሁም፤ እርስዎ ግን ከቢሮዎ ሆነው ደረሱባት። ሪፖርቱ በወጣ ማግሥት ያ ጉድጓድ፣ እሱም ብቻ፣ ተደፈነ። መሥሪያ ቤትዎ አካፋ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የቀሩት ጉድጓዶች እስኪደፈኑና ሜዳው እስኪስተካከል ድረስ ቡድኑ በሙሉ ላለመጫወት ፈርሟል። ይህን ውሳኔ የብቃት ማነስ ብለው እንዲመዘግቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ መንበርዎ ዘወትር የተደላደለ እንዲሆን የምመኝ፣
የቡድኑ ወጌሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፌንጣን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብላችሁ፣ ሽልማቷን ሜዳው መካከል መጥታ እንድትቀበል የላካችሁት ጥሪ ትናንት ደርሶናል። ደስ ብሏታል፤ ትመጣለችም። የምትሄደው በክራንች ስለሆነ፣ የት የት ብትረግጥ እንደማትወድቅ በኖራ አስምሩልን።