ከቡችሎቹ በር ውጭ

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንሽን ከሰው እሰማለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ የውሻ መጠለያው ኮሪደር ላይ፣ ከቡችሎቹ በር ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። እጄ ሥራ ካልያዘ በሩን ይከፍታል። መክፈት ደግሞ ተከልክያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ጥፋቱ ያንቺ ነው። «እማዬ፣ ቤት ተቀምጠሽ ከግድግዳ ጋር ከምትጣዪ ወጣ በይ» ብለሽ እዚህ አስመዘገብሽኝና ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ሄድሽ። ውሻ እንደማልወድ እያወቅሽ።

ሥራው ማላመድ ይባላል። ቡችላ በጨቅላነቱ ሰው ካልለመደ ሲያድግ ይፈራል፤ የፈራ ይናከሳል፤ የሚናከሰውን ደግሞ ወደ ቤቱ የሚወስድ የለም። ስለዚህ መዳፋቸውን ትነኪያለሽ፣ ጆሯቸውን ታገላብጫለሽ፣ ድስት መሬት ላይ ትጥያለሽ፣ ጃንጥላ ትዘረጊያለሽ፣ ከእጅሽ ታበያለሽ። ጎበዝ ሆኜ ተገኘሁ። ጃንጥላ ሲያዩ ግድግዳ ይቧጥጡ የነበሩት ሥሩ ገብተው መተኛት ጀመሩ።

ጎብኚ ሲመጣ ግን ደሜ ይፈላል። «ውይ ሲያምር!» እያሉ ይንጫጫሉ፤ አንዱን አንስተው ሳይጠግቡት ሌላውን ያነሳሉ። እኔም «ተኝተዋል። አትረብሹ።» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ሰው እንዲያነበው የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ሰዉ አንብቦ በእግር ጣቱ ሲመለስ ብታዪ! አንድ ቃል ሳልተነፍስ ስንቱን አባረርኩት።

ትናንት ፖስተኛው በመስኮት አይቶ የወደደውን ትንሹን ጥቁር ቡችላ ሊወስድ መጣ። ድንጉጥ እለዋለሁ። ሰውየው በር የሚሞላ፣ ሲያወራ መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ነው። ገና እግሩ ሲገባ ድንጉጥ ሽንቱን ለቀቀና ቀሚሴ ሥር ገባ። እጁን ቢዘረጋለት ጥርሱን አሳየው። ሌሎቹም ከኋላዬ ተሸጎጡ።

የመጠለያው የእንስሳት ሐኪም መጥታ በሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እማማ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈትዎ ያምራል። በሉ አሁን ይገንጥሉት።»

«እንዳይረበሹ ብዬ እኮ ነው!»

«መረበሽ አለባቸው። ሰው መች አስለመዷቸው? ያስለመዷቸው ራስዎን ብቻ ነው።»

በገዛ እጄ ገነጠልኩት። እኔ!

ፖስተኛው ዛሬም እንዲሞክር ቀጠሮ ተሰጠው፤ አሁን ክፍሉ ውስጥ ከድንጉጥ ጋር ነው። ዛሬም ጥርሱን ካሳየው፣ ድንጉጥ ወደ ኋላው ግቢ፣ ማንም ወዳልወሰዳቸው ትልልቅ ውሾች ይዛወራል። እዚያ ገብቶ የወጣ አላየሁም። እኔ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ መሆን የለብኝም።

ቆዪ፣ ድንጉጥ ጮኸ።

ተነሥቼ ተመለስኩ። በሩን እየቧጠጠ ነው። እዚህ መሆኔን ያውቃል። ሐኪሟ ከኮሪደሩ ጫፍ «እማማ!» አለችኝ። «አልነካሁም!» አልኳት። እጄ እጀታው ላይ ነበር።

ፖስተኛው መሬት ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ድምፁ ከታች ይመጣል። «ና እስቲ ጌታው፤ እኔም እኮ ውሻ እፈራለሁ። ስንቱ አባሮኛል መሰለህ።» ይህ ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ መናገር ይችላል?

አሁን ጸጥ አለ። ጸጥታው ከጩኸቱ ባሰብኝ። ነክሶት ይሆን? ልጄ፣ ደውዬ ሳታነሺ ስትቀሪም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ። አልነገርኩሽም እንጂ።

በሩ ተከፈተ።

ፖስተኛው እግሩን እየጎተተ ወጣ። ድንጉጥ የጫማውን ማሰሪያ ነክሶ ይዟል፣ ጭራው አላርፍ ብሏል። ቀሚሴን አንዴ አሸተተኝና ማሰሪያው እንዳያመልጠው ተከትሎት ሮጠ። ውለታ ቢስ!

«እማማ፣ ቤቴ ቅርብ ነው፤ ነገ መጥተው ይዩት» አለኝ ሰውየው።

«መጀመሪያ ይልመድህ» አልኩት። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ።

እዚህ ላይ ላቁም። የቀሩት እየተንጫጩ ነው፤ መንገድ ወጥቼ አላፊ አግዳሚውን «ግቡና አጫውቷቸው» ብዬ ልለምን። ዓይነት ዓይነቱን ሰው መልመድ አለባቸው፤ ባርኔጣ ያደረገ ባገኝ ጥሩ ነው፤ ጢማም ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

ሰው ፍለጋ የወጣች እናትሽ