የሆስፒታሉ ፎቶ አንሺ አቶ ጉደታ ለታ እና ወደ በቆጂ ስትሄድ የነበረችው እንግዳ

አቶ ጉደታ ለታ ከአባታቸው ከአቶ ለታ ሁንዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ በሻዱ ገመቹ በ1962 ዓ.ም. በአርሲ፣ ከሳጉሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። በተወለዱበት ሰሞን ጉም ከጭላሎ ተራራ ወርዶ አገሩን ስለሸፈነው አራሷን ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ቤት እየሳቱ የሰው ደጅ ያንኳኩ እንደነበር እናታቸው ሲያወሩ ኖረዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሳጉሬ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በአሰላ ተከታትለው በ1980 ዓ.ም. አጠናቀቁ። አሰላ ሳሉ ከትምህርት መልስ በአቶ ሙህሲን ፎቶ ቤት ይሠሩ ስለነበር ፊልም ማጠብንም ማተምንም እዚያው ለመዱ። በቀይ አምፖል ብርሃን፣ ከባዶ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ሲል ማየት መጀመሪያ ላይ ያስፈራቸው ነበር። እያደር ለመድኩት ይሉ ነበር፤ ቤተሰባቸው ግን ሙሉ በሙሉ እንዳልለመዱት ያውቃል። አቶ ሙህሲን ስለ እርሳቸው ሲናገሩ፣ «ጉደታ አንድ ጊዜ ያየውን ፊት አይረሳም፤ ይሄ ደግሞ ሁልጊዜ ጸጋ አይደለም» ይሉ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. በአሰላ በሚገኝ ሆስፒታል በፎቶግራፍ ባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ለሕክምና ክትትልና ለማስተማሪያ የሚሆን ፎቶ ማንሣት ነበር፤ ቁስል፣ እባጭ፣ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ያለ ገላ። ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሳያስፈቅዱ ካሜራ አያነሡም ነበር። ከተማ ውስጥ ሲሄዱ ግን ብዙ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋቸው ነበር። ገላውን ገልጦ ያሳያቸው ሰው በገበያ መካከል ዓይናቸውን መሸሹ አላስቀየማቸውም። እርሳቸውም ቀድመው ወደ ሌላ ይመለከቱለት ነበር።

በ1993 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ዝናብ በበረታበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከኢተያ ወደ አሰላ በሚመጣው መንገድ ላይ መኪና የገጫት አንዲት ሴት ሰዎች ወደ ሆስፒታሉ አመጡ። ስትደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር። መታወቂያ አልያዘችም። ገላዋ ክፉኛ ተጎድቶ ፊቷን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። አቶ ጉደታ ዘመድ እንዲለያት ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን አነሷት። አብረዋቸው የነበሩት ነርስ ወ/ሮ ፅጌረዳ እንደሚያስታውሱት፣ አቶ ጉደታ ካሜራውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ የሞተ ሰው ፊት አይደለም፤ ሰው ልትስም የተጠጋች ሴት ፊት ነው» አሉ።

ፎቶው በሆስፒታሉ በርና በመናኸሪያው ተለጠፈ። ከቀናት በኋላ ገብስ ሸጠው ወደ አገራቸው የሚመለሱት የበቆጂው ገበሬ አቶ እንደሻው ይበልጣል አዩትና እዚያው መሬት ላይ ወደቁ። ልጃቸው ቀለሟ ከቤት ተጣልተው ወደ አዳማ ከሄዱ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። አባት አስከሬኑን ተረክበው በቆጂ ወስደው ቀበሩ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይም «ቀለሟ እንደሻው» ተብሎ ተጻፈ።

ለዘመን መለወጫ ቀለሟ እንደሻው በእግራቸው ወደ አባታቸው ግቢ ገቡ።

እናታቸው ከደጃፉ ሲያዩአቸው ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ጎረቤቱ በሩን ዘጋ፤ ስማቸውን እየጠራ የሚገሥጽ፣ የሚጸልይም ነበረ። አባታቸው በግቢው መካከል ቆመው፣ «ልጄን በዚህ እጄ አፈር አልብሻታለሁ። አንቺ ማነሽ?» አሏቸው። የሚያሳድራቸው ጠፍቶ በወፍጮ ቤት በረንዳ አደሩ። በማለዳ ስማቸው የተጻፈበትን ድንጋይ ሄደው አዩ። ከዚያም አባታቸው ያመኑት በሆስፒታል የተነሣ ፎቶ አይተው መሆኑን ሰምተው በአውቶቡስ አሰላ ገብተው የሆስፒታሉን ፎቶ አንሺ ጠየቁ።

አቶ ጉደታ የሥራ ክፍላቸውን በር ሲከፍቱ ያ ፊት ከፊታቸው ቆሟል።

«ሞታለች ብለው ያነሡኝ እርስዎ ነዎት?» አሉ ወጣቷ።

አቶ ጉደታ በኋላ ለልጆቻቸው እንደነገሯቸው፣ ያስደነገጣቸው የተቀበረችው ሴት ቆማ መናገሯ ብቻ አልነበረም። ሟቿን ባነሡ ዕለት፣ የተከደኑት ዓይኖቿ ምን ዓይነት ይሆኑ ብለው ለማየት ተመኝተው ነበር። አሁን ዓይኖቹ ተከፍተው ያዩአቸው ጀመር።

«ቁጭ በይ» አሉ በመጨረሻ።

«አልቀመጥም። መጀመሪያ ያንሡኝ። በሕይወት እንዳለሁ ለአባቴ የማሳየው ፎቶ ይስጡኝ።»

አነሷቸው፤ እንደዚያችው ከፊት ለፊትና ከሁለቱም ጎን። አትመው ከሟቿ ፎቶ ጎን ሲያስቀምጡት ቅንድቡም አገጩም ከከንፈር ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብም አንድ ሆነ። ወጣቷ የሟቿን ፎቶ አንሥተው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «አባቴ ላይ አልፈርድም። እኔ ራሴ እኔ ናት ብዬ እምል ነበር» አሉ። የአቶ ጉደታ ዓይን ግን ጆሮው ላይ ቆየ። የሟቿ የግራ ጆሮ ጫፍ ድሮ በጉትቻ ተቀዶ እንደተሰነጠቀ የዳነ ነበር። የወጣቷ ጆሮ ደህና ነው።

በማግስቱ አቶ ጉደታ ፎቶዎቹን ይዘው ከወጣቷ ጋር በቆጂ ወጡ። አቶ እንደሻው ሁለቱን ጆሮዎች ደጋግመው አዩና፣ «እንግዲያው የቀበርኩት ማንን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናት ግን ፎቶም አላሳመናቸውም። ወደ ጓዳ ገብተው በእፍኛቸው የገብስ ቆሎ ይዘው ወጡና ለልጃቸው ዘረጉ። «ሰው ከሆንሽ ቆርጥሚ» አሉ። ወጣቷ ቆረጠሙ። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ የቆሎው ድምፅ ሲሰማ እናት የልጃቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

አቶ እንደሻው የመቃብሩን ጽሑፍ ሊፍቁ መሮ ይዘው ሲነሡ ልጃቸው ከለከሏቸው። «ስም አልባ ሆና ከምትተኛ በስሜ ትተኛ። የእኔን እኔ በሕይወት እይዘዋለሁ» አሉ። ድንጋዩ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

አቶ ጉደታና ወ/ሮ ቀለሟ በ1995 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን በጋብቻ ተሳሰሩ። ሐሜቱ ቀላል አልነበረም፤ «ሬሳ አንሥቶ ሬሳ አገባ» ያለም አለ። በሠርጋቸው ዕለት ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሣ አቶ ጉደታ ሙሽራዋን ያንሡልን ቢባሉ፣ «ሁለት ጊዜ አንስቻታለሁ፤ ይበቃል» አሉ። እንግዳው ሳቀ። ወ/ሮ ቀለሟ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ አቶ ጉደታ በባለቤታቸው ላይ ካሜራ አላነሡም፤ የቤቱን ፎቶዎች ሁሉ ያነሡት ልጆች ናቸው።

የሟቿን ዘመድ መፈለግ ግን አላቆሙም። ፎቶዋን ይዘው በሁሩታ፣ በዴራና በአዳማ መናኸሪያ ጠየቁ። የሚያውቃት ጠፋ። በመጨረሻ በኢተያ አቶ ሁሴኖ የተባሉ የእህል ነጋዴ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው፣ «ይቺን አስጠልያታለሁ፤ ያን ክረምት» አሏቸው።

«ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«ወደ በቆጂ። መኪና እየጠበቀች ነበር። ዘመድ አለሽ ወይ ብላት፣ ‹የለኝም፤ እኔን ቁርጥ የምትመስል ሴት እዚያ አለች ብለውኛል፣ ላያት ነው› አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ስሟን አልጠየቅኋት።»

አቶ ጉደታ ይህን ለወ/ሮ ቀለሟ ሲነግሯቸው፣ «እኔ እኮ ቤት አልነበርኩም፤ ብትደርስም አታገኘኝም ነበር» ብለው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በሐምሌ ባልና ሚስት በቆጂ እየሄዱ መቃብሩን ያጸዱ ነበር። መንገደኛ ወ/ሮ ቀለሟን በስማቸው ድንጋይ አጠገብ ተንበርክከው ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር፤ እነርሱ ግን ለመዱት።

አቶ ጉደታ ኢየሩስና ሔኖክ የተባሉ ልጆችን አፍርተው በወግ በማዕረግ አሳድገዋል። በእድራቸው ሰው ሲቸገር ቀድመው የሚደርሱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሕሙማንን በመጠየቅ ያገለገሉ ነበሩ። ኩላሊታቸው መታመም ከጀመረ በኋላም አቅማቸው እስኪከዳቸው ድረስ ከሥራ አልቀሩም።

በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሕመሙ በርትቶባቸው በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። አንድ ረፋድ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳለ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ ሳይነቅሉ፣ «ቀለሟ፣ እንግዳ መጥታለች። ወንበር ስጫት» አሉ።

«ማን ናት?» አሉ ወ/ሮ ቀለሟ።

«አንቺን ለማየት የመጣችው ናት። ቆማ እኮ ነው።»

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ልጃቸው ኢየሩስ አባቷ የቃዡ መስሏት ሐኪም ልትጠራ ስትነሣ እናቷ በእጃቸው አስቀሯት። ወ/ሮ ቀለሟ ከጎረቤት አልጋ አጠገብ ወንበር አምጥተው ከራሳቸው ፊት ለፊት አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለውም ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ አሉ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ቀለሟ እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ጉደታ ይህን ሰምተው እፎይ አሉ። በዚያው ዕለት፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ጉደታ ለታ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቀለሟ እንደሻውን፣ ልጆቻቸውን ኢየሩስንና ሔኖክን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ከዲሮ ለታን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። ስሟን ሳናውቅ በቆጂ ያስተኛናትን እህታችንንም እርሱ በስሟ ይጥራት። አሜን።