የአባባን ጉድጓድ ስለ መቆለፌ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ በድሬዳዋ ሙቀት ሻል አለው ወይስ አሁንም ስትነሺ ያስቸግርሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ናፍቆትሽ ነው እንጂ ደህና ነን። ልጄ ሌንሳም ድናለች፤ ይህን ያስቀደምኩት ቀጣዩ ሲነበብልሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

እማዬ፣ የአባባን ጉድጓድ ቆልፌዋለሁ። ስትሄጂ «ለመንገደኛ እንዳትከለክል፤ የጠጣ ሁሉ ደገፋን ነፍሱን ይማረው ይላል» ያልሽኝን አልረሳሁም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የእማዋይሽ ጡት ስለ ደረቀ ሌንሳ የምትጠጣው የቆርቆሮ ወተት ነበር። እማዋይሽ ለጥንቃቄ ብላ የጉድጓዱን ውሃ ደጋግማ እያፈላች ትበጠብጥላት ነበር። በጥምቀት ሰሞን የልጅቷ ከንፈርና ጥፍሮች ሰማያዊ ሆኑ፤ ትንፋሽ አጠራት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ውሃው ነው። ሲመረመር ናይትሬት የሚባል ነገር በዝቶበት ተገኘ። ጎመኑ ላይ የምንበትነው ነጩ ማዳበሪያ፣ ተክሉ ያልወሰደው፣ በመስኖው ሟሙቶ ወደ ታች ይሰርጋል። የበረቱ ፍግም እንዲሁ። መልክም ሽታም የለውም። ትልቅ ሰው ላይ ቶሎ አይታይም፤ ጨቅላ ግን ይገድላል። ማፍላትም አያወጣውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ጭራሽ ይበረታል። እማዋይሽ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በወንዙ ዳር ያለው የሸምሱ ጉድጓድም እንደዚሁ ሆኖ ተገኝቷል። ጎረቤታችን ኦቦ ሂርጳ ግን ቁልፉን አይቶ በሰው ፊት ሰደበኝ። ይህን ውሃ ጠጥተህ አይደል እንዲህ የረዘምከው፣ ያንተ ልጅ ብቻ ከስኳር ተሠራች ወይ አለኝ። እኔ ስረዝም ማዳበሪያ አልነበረም አልኩት። አልተዋጠለትም።

አሁን በጉድጓዱ ውሃ ልብስ እናጥባለን፣ ጎመኑን እናጠጣለን። ማዳበሪያው ውሃው ውስጥ አለና የምበትነውን ቀንሻለሁ፤ ጎመኑ እስካሁን አልቀጨጨም። ፍጉንም ከጉድጓዱ በታች ወዳለው ጥግ አውርጄዋለሁ። ለመንገደኛ ደግሞ ከመካኒሳ ቦኖ በአህያ እያስጫንኩ በራፉ ላይ በርሜል እሞላለሁ። ጣሳው የድሮው ነው።

ሰው ይጠጣል፤ የአባባን ስም ግን አያነሳም። ኦቦ ሂርጳ ጠጥቶ ሲያበቃ አፉን ጠረገና «ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ደገፋ አልቆፈረውም» ብሎኝ ሄደ። አንጀቴን ነው የቆረጠው። ቢሆንም ቁልፉን አልከፍትም።

ለመጋቢት አቦ መምጣትሽ አይቀርምና አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ለንግሡ የሚሄደው ሰው በራፋችን ሲያልፍ በርሜሉ አጠገብ ቁሚልኝ። ሁሉም እያየ መጀመሪያ አንቺ ጠጪና የአባባን ስም ጥሪ። እስከዚያው በየጠዋቱ ስሞላው እኔ እጠራዋለሁ።

እህቴን ፅጌረዳን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ቦጋለንም እጅ ነስቷል በይልኝ። ሄርሜላ ትምህርቷን ትበርታ። እማዋይሽ ጉልበትሽን ትስማለች። ሌንሳ ሳቅ ጀምራለች።

ልጅሽ ፍሮምሳ ደገፋ
ለቡ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.