ከሁለት ቀጥሎ አምስት

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ጠዋት ብርድ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ። የነበሩት፦ እኔ (ተኝቼ)፣ እቴቴ፣ ባሏ። ከሰዓት ደግሞ ጋሼ።

ደረቴ ውስጥ የልብ ባትሪ ከገባ ዛሬ ሠላሳ አምስት ቀኑ። ታላቅ እህቴ እቴቴ ላስታምማት ብላ ከነባሏ ቤቴ ከገባችም እንደዚያው። ሆስፒታል የሰጡንን ስምንት ገጽ መመሪያ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሰክታ ነው የምትውለው። ንቅንቅ ስል አውጥታ ታነብልኛለች። ሁሌ ሁለተኛውን ገጽ። "ከባድ ነገር አይሸከሙ። የግራ እጅዎን ከትከሻ በላይ አያንሱ። ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለስድስት…" ጣቷን በምራቋ ታረጥብና ትገልጣለች። "ወር ነው።" ደረጃ መውጣትን ከራሷ ጨምራበታለች። በእግር መሄድንም።

ባሏ ስልኩን ደረቴ ላይ ሰክቶ ቻርጅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልክ ከባትሪው አንድ ስንዝር ይራቅ ነው ያሉት። እኔ ሃያ እርምጃ አልኩት። ይኸው ቀኑን ሙሉ ግቢ ቆሞ ያወራል፤ ቤቱ ሰላም ሆነ። ኃጢአት ይሆን?

ጋሼ ብርቱካን ይዘው መጡ። የምሠራበት መጠረዣ ቤት ባለቤት ናቸው። እዚያ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥራዝ ሰፍቻለሁ። እቴቴ ስድስት ወሩን ነገረቻቸው። ጋሼ አንድ ብርቱካን ላጡልኝ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ወንበር ስድስት ወር ባዶ አይቀመጥም። ሃያ ሁለት ሰኞ ሰው አስቀምጥበታለሁ። አንቺ ሲሻልሽ ታች ሆነሽ አድራሻ ትለጥፊያለሽ" አሉኝ። ሰው ያሉት የወረቀት ቆራጩን ሚስት እህት ነው።

እሺ አልኩ። እኔ ምን ጊዜም እሺ ነኝ። ብርቱካኑን በላሁት።

ግን እውነቱን ልጻፍ… አልደከመኝም። ድሮ ሻሽ ማሰር ያደክመኝ ነበር። የመጠረዣ ቤቱን ስልሳ አራት ደረጃ ስወጣ ሦስት ጊዜ እቀመጥ ነበር። አሁን እግሬ በረት እንደተዘጋበት ጥጃ ይፈራገጣል። ስድስት ወር? ከዚህ እግር ጋር?

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

እቴቴ ገበያ ሄደች። ጠረጴዛውን አርባ ጊዜ ዞርኩ። ስትመለስ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። "ምነው ላብ ላብ አለሽ?" አለችና ሾርባ አመጣችልኝ። ይጣፍጥ ነበር።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

እቴቴ ገላዋን ስትታጠብ ጡት መያዣዋ ወንበር ላይ ቀረ። መመሪያውን ሰረቅሁት።

ማንበብ የተማርኩት ከተበላሸ ወረቀት ነው። ማሽን ካኘከው፣ ቀለም ከፈሰሰበት። ግማሽ ታሪክ፣ ግማሽ ሕግ፣ ግማሽ የእርሻ ምክር። ሌባው ምን እንደሰረቀ አውቃለሁ፤ ይያዝ አይያዝ ግን አላውቅም። ቆራጩ "ጥራዝ ነጠቅ" የሚለኝ ለዚህ ነው። ሰው ሲስቅ እኔም አብሬ እስቃለሁ… ታዲያ አንድ ልማድ አለኝ፦ ቃሉን ከማንበቤ በፊት የገጹን ቁጥር አያለሁ።

አንድ። ሁለት። አምስት።

አምስት?

ስድስት። ሦስት። አራት። ሰባት። ስምንት። የመሐሉ ወረቀት ተገልብጦ ታጥፏል። የጠፋብንን ሦስተኛ ገጽ ፈለግሁት። "ሳምንት ነው" ብሎ ይጀምራል። ስድስት ሳምንት! ከሥሩ ደግሞ፣ በእግር መሄድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ በየቀኑ፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ። "ወር" ብሎ አምስተኛው ገጽ የሚጀምረው የባትሪው ምርመራ ነው፤ በየስድስት ወሩ። ብርድ ልብሱን ነክሼ ሳቅሁ።

ከዚያ ክሩን አየሁት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጥፎ ወደ ውስጥ የሚደብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ። ሐምሌ ላይ፣ የመጠረዣ ሽቦ አልቆብን የሆስፒታሉን ሥራ በክር የሰፋን ጊዜ… ራሴ ይዞር ነበር። ዓይኔም ይጨልምብኝ ነበር።

ራሴን በራሴ ክር ጠርዤ አስተኛሁ!

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ልናገር? ከተናገርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆራጩ ጡረታ እስኪወጣ ይተርብበታል። ጋሼም ገጽ ለማታይ ጠራዥ ወንበሯን ላይሰጡ ይችላሉ። ዝም ካልኩ ደግሞ ታች፣ አድራሻ ስለጥፍ…

ሌላውስ ሰው? በእኔ ክር የተጋደመ ስንት አለ? ይሄን ሳስብ ሳቄ ተቆረጠ።

ከነገ ወዲያ የሆስፒታል ቀጠሮዬ ነው፤ ለሲስተር እነግራታለሁ። እስከዚያ ሾርባው አይቅርብኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

ሲስተር ቁስሉን አየች፣ ባትሪውን በመሣሪያዋ አዳመጠች። ደህና ነው አለች። እጄንም ቀስ በቀስ ማንሳት እችላለሁ። "ደረጃስ?" አልኳት። "ማን ከለከለሽ?"

እቴቴ መመሪያውን ከደረቷ መዘዘች። እኔም የገጹን መገለባበጥ ነገርኳቸው። የማን ቋጠሮ እንደሆነም።

ሲስተር ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና ቁምሳጥኑን ከፈተች። የቀረውን መመሪያ አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። አራቱ የተገለበጡ ናቸው። ክር ጠየቅኋት፤ የቁስል መስፊያ ሰጠችኝ። ጥሩ ክር ነው፣ አይላላም። እዚያው አስተካክዬ ሰፋኋቸው። እሷ ደግሞ መመሪያውን ለወሰዱት ደወለች። ሁለቱ አመሰገኑ። አንድ ሽማግሌ ግን መመሪያ የሚባል ነገር ገልጠው እንደማያውቁ፣ በሦስተኛው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ እንደጨፈሩ ነገሯት።

እቴቴ እስከ ሰፈር ድረስ ከፊቴ እየቀደመች ሄደች። በራችን ላይ ቆመች።

"ማክሰኞ ካወቅሽ ትናንት ጀርባሽን ለምን አሳሸሽኝ?"

"ስለተመቸኝ።"

በቦርሳዋ መታችኝ። ባትሪው በሌለበት በስተቀኝ ነው፤ ተቆጥታም ትጠነቀቃለች።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

የዛሬን ጠዋት እንዳለ ልጻፍ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ሻሼን በሁለት እጄ አሰርኩ። ለእቴቴ ሻይ አፍልቼ አልጋዋ ድረስ ወሰድኩላት፤ ዓይኗን ጨፍና የታመመች ታስመስላለች። የእኔን ዘዴ! ጀርባዋን አሸሁላት።

ሁለት ሰዓት ላይ መጠረዣ ቤት ደረስኩ። ቆራጩ በሩ ላይ ነበር። "ጥራዝ ነጠቅ፣ ቦታሽ ታች ነው አሉ እኮ።" ደረጃውን ወደ ላይ ተያያዝኩት። ስትወድቅ ልይ ብሎ መሰለኝ ተከተለኝ። ሃያ። ሠላሳ። አርባኛው ላይ ትንፋሼ ትንሽ ፈጠነ፤ እሱ ግን የደረጃውን ብረት ይዞ ቆሟል። ጠበቅሁት።

"ባትሪ ላበድርህ?" አልኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ የመጀመሪያ ቀልዴ ነው። ከታች ሰው ሲስቅ ተሰማኝ።

ስልሳ አራት። አልተቀመጥኩም።

የሚስቱ እህት ወንበሬ ላይ ናት። ጋሼ አጠገቧ። መመሪያውን ፊታቸው አኖርኩት። "ጋሼ፣ ይሄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ። እቴቴ የነገረችዎት ስድስት ወርም ከዚሁ የመጣ ነው።" ሆስፒታል የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

አንድ፣ ሁለት፣ አምስት… ሲገልጡ ከንፈራቸው ይቆጥር ነበር። ወደ ቆራጩ ዞሩ። "ጠርዙን የቆረጠው ማን ነው?" እሱ ገና እያለከለከ ነው። እጁን አነሳ። "አላየኸውም?" አላየም። "ሁለታችሁም ነክታችሁታል። ያየችው እሷ ናት።" የሚስቱ እህት ሳይነግሯት ተነሳች፤ እሷስ ድሮም ከፍታ ያዞራታል።

"ተቀመጪ" አሉኝ ጋሼ።

ጥራዝ ነጠቅ ነኝ። የነጠቅሁትን ግን ቆጥሬ እመልሳለሁ። ይሄን ጮክ ብዬ አላልኩትም፤ እዚህ ይቀመጥ።

መርፌዬ ካስቀመጥኩበት ነበር። ክር አስገባሁ። የመጀመሪያውን ጥራዝ አጠፍኩ፣ ገለጥኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ደግሜ አየሁት። ሦስት ነው።