ሁለት አምፖልና የሙሉ ጫጩቶች

ማክሰኞ

ዛሬም ተከምረው አገኘኋቸው። ጫጩት ሲበርደው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፤ ከታች ያለው ታፍኖ ይቀራል። ሦስቱ ሞተዋል። እህቴ ሙሉ በጨርቅ ጠቅልላ ወስዳ ከጓሮ ቀበረቻቸው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሉ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀረቻት አንዲት ጊደር ነበረች። ጊደሯን ሽጠሽ ጫጩት ግዢ፣ ማሞቁን ለእኔ ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። የፊዚክስ አስተማሪ አይደለሁ! ከፍኖተ ሰላም ቡሬ እስክንደርስ የጫጩቶቹን ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር በሁለት እጇ ታቅፈው ነበር።

መብራቱን የምናገኘው ከእማሆይ ነው። በእኛ መንደር ቆጣሪ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቤታቸው ከላይ ከመንገዱ ዳር ነው። እኛ ከታች፣ ከእርሻው ማዶ ሆነን በሽቦ እንስባለን። ሽቦው ከየትም የተለቃቀመ ነው፤ ግማሹ የስልክ ሽቦ። በባሕር ዛፍ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ መጋጠሚያው በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ አላነሰንም። አሁን ግን ሁለት ትልልቅ አምፖል፣ የድሮውን የሚያቃጥለውን ዓይነት፣ ሰቅለንበታል። የኅዳር ብርድ ደግሞ አይጣል ነው።

ረቡዕ

ሁለት አምፖል ጨመርኩ። አራት ሆኑ። አራቱም ቀልተው ፈዘዙ። ሙሉ ቀና ብላ አየቻቸውና «እታለም፣ ስትጨምሪ ምነው ይቀንሳል?» አለችኝ። ሲመሽ ሁሉም ሰው ስለሚያበራ ነው ብዬ አለፍኩት። መልሱ ለራሴም አልጣመኝም።

ጫጩቶቹ ትንሽ ተሻላቸው መሰለኝ። ትንሽ ብቻ። ለነገ፦ ደረቅ ገለባ፣ ሙቅ ውኃ በጀሪካን፣ ሌላ አምፖል።

ሐሙስ

ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ የኦምን ሕግ አስተማርኩ። ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ቮልቴጅ ገፊው፣ ከረንት ሂያጁ፣ ሬዚስታንስ አላሳልፍ ባዩ። ሽቦ ሲቀጥንና ሲረዝም ሬዚስታንሱ ይጨምራል ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ከዚያ ጠመኔዬን አራግፌ ወጣሁና ቀጥታ ሱቅ ሄጄ ሁለት አምፖል ገዛሁ። እኔው ራሴ!

ስድስት አምፖል ሰቀልኩ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ድርግም አለ። ወጥቼ ሳይ አጥሩ ላይ ያለው መጋጠሚያ ይጨሳል፤ ፌስታሉ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሮጬ ሄጄ እማሆይ መብራቱን ከቆጣሪው እንዲያጠፉት አደረግኩ። ሽቦው ከጠፋም በኋላ ትኩስ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። አጥር ስናሞቅ ነው የከረምነው።

መጋጠሚያውን ፍቄ በደንብ አጥብቄ አሰርኩት፤ ወደ ሁለት አምፖል ተመለስን። ሙሉ ጀሪካኑን በሙቅ ውኃ እየሞላች ካርቶኑ ውስጥ ታስቀምጣለች። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት መለኪያ ተውሼ መጣሁ። እማሆይ ቤት ሁለት መቶ አሥራ አምስት ቮልት። እኛ ዘንድ በሁለት አምፖል መቶ ዘጠና። ለሙከራ አራት ሳደርገው መቶ ሰባ ወረደ። የጎደለውን ሽቦው በልቶታል። አምፖል ስጨምር ከረንቱ ይጨምራል፤ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ያ ቀጭን ሽቦ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ይበዛል። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው።

ወፍራም ሽቦ ቡሬ ጠየቅኩ። ለዚህ ሁሉ ርቀት የሚበቃው ዋጋው ለእኛ የሚሞከር አይደለም። እንግዲያው ሽቦው ወደ ጫጩቶቹ ከሚመጣ ጫጩቶቹ ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ከእማሆይ ቆጣሪ አጠገብ እንጨት የሚያስቀምጡባት ትንሽ ክፍል አለች። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ቤቱስ የእግዜር ነው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ግን ጫጫታ ሲበዛ ዳዊቴ ይጠፋብኛል እንጅ።»

እሺ እማሆይ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎ ብዬ ወጣሁ። በእኛ አገር ከዚህ የጠነከረ እምቢታ የለም።

ሁለት ደግሞ ሞቱ። ሙሉ ዛሬ ከጫጩቶቹ ጋር ነው የማድረው ብላ ገለባው ላይ አነጠፈች። ተይ ብላት አልሰማችኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት እማሆይ ከቅዳሴ መልስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ ታች ወረዱ። ለሽቦው ሊቆጡ የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሙሉ ጋቢዋን ለካርቶኑ አልብሳ፣ እሷ በነጠላ ብቻ ተኮራምታ እንቅልፍ ወስዷታል። እማሆይ ቆመው አዩዋት። ብዙ ቆሙ።

«በይ ተነሽ» አሏት። «ያዥው ካርቶኑን። እንጨቱን አስወጥቻለሁ።»

ተሸክመን ወጣን። ከሶኬቱ በአጭር ወፍራም ሽቦ ሁለት አምፖል ብቻ አገናኘሁ። ወገግ ብለው በሩ። ሙሉ እጇን ከሥራቸው ዘርግታ «ያቃጥላል!» ብላ ሳቀች። ጫጩቶቹ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ተከመሩ። ቆይቶ አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለው፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ተሰጣ ገብስ ወለሉን ሞልተው ተበተኑ። ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም፤ አብሬያት አለቀስኩ።

«እታለም፣ አንድ አምፖል አትጨምሪም?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። ስታሾፍብኝ ነው፤ ይገባኛል።

ሲመሻሽ ቮልቱን ልለካ ተመልሼ ሄድኩ። እማሆይ በርጩማቸውን ከክፍሏ በር ላይ አድርገው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ገና እማሆይ እንደምን አመሹ ከማለቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በይ ልጄ፣ አሁን ተኝተዋል።»

መለኪያውን ኪሴ ከትቼ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ተመለስኩ። ነገ ስንቱ ደኅና እንደሚያድር አላውቅም። ሙሉ ግን ዛሬ አልጋዋ ላይ ነው የተኛችው።