ሰባት ቤት ቆጥረው በሽተኛ ስላገኙብን

ለተከበሩ ለአቶ ደመላሽ ጥሩነህ፣ የሰፈራችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ
ደምበጫ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለጉልበትዎ፣ ለዓይንዎ፣ በተለይም የሰው ዘር ቆጥሮ ለማይደክመው አእምሮዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰርጌ ስለፈረሰ ጊዜ ተርፎኝ ይህን ጻፍኩልዎ፤ አንዱን ቅጂም ገበያው መግቢያ ላይ እለጥፈዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ከእጮኛዬ ጋር ዝምድና እንዳይኖረን ሰባት ቤት እንዲቆጥሩ ተለምነው ነበር። ዝምድና አላገኙም። ባዶ እጅዎን መመለስ ቢከብድዎት ጊዜ ግን ራሱን ያጠፋውን አጎቴን አንተነህንና መድኃኒት የሚወስደውን ወንድሜን ምስጋናውን ይዘው ተመለሱ፤ ነገሩ በዘራቸው ነው ብለውም ለሙሽራው ቤተሰብ ነገሩ። ስለ ትጋትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቅሬታዬ ደግሞ እነሆ፦

፩. የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንተነህ እንቅልፍ አጥቶ፣ እህል አልቀምስ ብሎ ሲከርም፣ እናቴ ወንድሟን ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት እንድታደርሰው ያግዟት ዘንድ እግርዎ ላይ ወድቃ ነበር። እርስዎም ወንድ ልጅ በሐሳብ አይታመምም፣ ስንፍና ነው፣ ዶማ አስይዙት አሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀበርነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ጊዜ ስንፍና የነበረው ነገር በእኔ ሰርግ ላይ በሽታ ሆነ፣ ያውም የዘር! ይህን ሁሉ ሕክምና የት እንደተማሩት ቢነግሩን ልጆቻችንን እዚያው ባስገባናቸው።

፪. የምስጋናው ሐኪም በትዕግሥት አስረድቶናል። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ሲዛቡና ጭንቀት ሲበዛ፣ ሰውየው ክፉ ሐሳብን ገፍቶ የሚመልስበት አቅም ይደክማል። አዎን፣ በቤተሰብም ሊመጣ ይችላል፤ ግማሹን ስላወቁልን እናመሰግናለን። ሌላው ግማሽ ግን እንዲህ ይላል፦ ዘር ብቻውን አይወስንም፣ የብዙ ነገር ድምር ነው፣ ደግሞም ይታከማል። እርስዎ እዚህች ጋ ሳይደርሱ ወደ ሙሽራው ቤት ተነሥተው ሄዱ።

፫. የፈረሰው ሰርግ እንዲመለስ ያመጡልን መላ ደግሞ፣ ወሬው እስኪበርድ ምስጋናው መድኃኒቱን ያቁም የሚል ነው። ኧረ ጉድ! ለአንድ ቀን ድግስ ወንድሜን ልጣ? አንዱን በስንፍና ስም ቀብረናል፤ ሁለተኛ አንቀብርም። ምስጋናው ዛሬ ይተኛል፣ ይበላል፣ ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከጓሮ ሲስቅ ሰምቼው እንባዬ መጣ። መድኃኒቱን አያቆምም፣ እኛም አንደብቀውም። በዚህ የተስማማ ያግባኝ፣ ያልተስማማ ይቅርብኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ እናቴ አንብባ ለሽማግሌ እንዲህ አይጻፍም ብላ አሰረዘችኝ።

ለሽበትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለፍርድዎ ግን ቀና እንዳልኩ፣
ወንጌላዊት ውበቱ
የአንተነህ የእህት ልጅ፣ የምስጋናው እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ጠዋት ምስጋናውን ይዤ ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ። መኪናው ላይ አንድ ትርፍ ቦታ አስይዣለሁ። ከቤትዎ እንዲህ ያለ ጭንቀት የያዘው ልጅ ቢኖር ሳያፍሩ ይላኩልኝ። እርስዎ ቤት ለቅሶ ከምደርስ፣ ከልጅዎ ጋር ተቀምጬ ወረፋ ብጠብቅ ይሻለኛል።