ከግላሱ ሥር የተጠለፈች ቀን

ጥር 6
ደመና። ብርድ። የሁለት ቀሚስ ጠርዝ ሰፋሁ። የጋሽ አዝመራው ግላስ ይቀራል... የፈረሳቸው ጀርባ ላይ የሚውለው ጥልፍ ጨርቅ። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ይደርሳል።
ከሰዓት እሳቸው ራሳቸው መጡ። የቤት አከራዬ ናቸው።
«ይመኙሽ፣ ውልሽ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ቤቱን ልቀቂ። ልጄ ከጫግኒ ሊገባበት ነው።»
ልጃቸው? ጫግኒ ሱቅ ከፍቶ፣ ሙቀት ለምዶ... እዚህ ብርድ ምን ሊሠራ?
ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። አራት ዓመት። ልቀቂ እባላለሁ ብዬ አንድ ምስማር እንኳ አልመታሁበትም።

ጥር 8
ውል የሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ። መዝጋቢዋ እንቁ፣ «አስቀድመው በጽሑፍ አሳውቀውሻል?» አለችኝ። በር ላይ ቆመው ነው የነገሩኝ።
«እንዲህማ አያስለቅቁሽም። ውሉ ሲታደስም ከሁለት ዓመት አያንስም። አብራችሁ ኑና ፈርሙ።»
እሳቸውን ማን ያምጣቸው?

ጥር 13
ነገርኳቸው። «በገዛ ቤቴ?!» ብለው ጥለውኝ ሄዱ።
እሺ። ልቀቂ ተብያለሁ፣ ታዛዥ ነኝ፣ ዕቃ ልጠቅልል። መጀመሪያ ምን? የስፌት ማሽኑን!

ጥር 16
«ግላሱስ?»
«ከማሽኑ ጋር ታሸገ፣ ጋሼ። ለልጅዎ ቤቱን ላጸዳ ብዬ።»
ካርቶኑን አዩ። እኔን አዩ። ግቢ ውስጥ ፈረሱ አሽካካ። ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት።

ጥር 18
ጋሽ አዝመራው ዘንድሮ ያለ ግላስ ሊወጡ ነው ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። ማን አወራው? እኔ እንጃ...

ጥር 20
ፈረሙ!
ወሬው ጆሯቸው ደርሶ ራሳቸው መጡ፤ ቢሮው ድረስ በባጃጅ አብረን ሄድን። መንገድ ላይ እውነቱ ወጣ። ልጃቸው የሚመጣው ለበዓሉ ብቻ ነው። ቤቱን የፈለጉት ለፈረሱ ድርቆሽ ማስቀመጫ ኖሯል። እኔ በድርቆሽ ልተካ!
ቢሮ ስንደርስ «ውሉ ላይ በየዓመቱ ግላስ ትሰፋለች የሚል ይግባበት» አሉ። እንቁ «አይቻልም» አለች።
ማሽኑን ፈታሁ። ግላሱ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አዲሱ ውል የሚያልቅበትን ቀን ጠለፍኩ።

ጥር 24
ትናንት ውሌ በፈረስ ጀርባ እንጅባራን ዞረ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው... ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።
ዛሬ ግላሱን ይዘው መጡ። «ከሥሩ ያለችውን ቀን አይቻታለሁ።»
ክው አልኩ።
«እስከዚያ ጨርቁም ያልቃል» አሉ። ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል። «አዲስ ትሰፊያለሽ። ቀኑንም ትቀይሪያለሽ።»
ሲወጡ ከጎረቤት መዶሻ ተዋስኩ። የመጀመሪያውን ምስማር መታሁ።